ሎዛና ቤቴል፦ የዜማ ጽሕፈት ከብራና እስከ ኮምፒውተር

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰፈራችን ቤቴል የሚጠራበት ስም ከኦሪት ዘፍጥረት የወጣ ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ቍጣ ሸሽቶ ወደ ካራን ሲሄድ ፀሐይ ስለ ጠለቀችበት ድንጋይ ተንተርሶ ያደረበትን፣ በሕልሙም መሰላል ከምድር እስከ ሰማይ ተተክሎ መላእክት ሲወጡበትና ሲወርዱበት ያየበትን ቦታ፣ በነጋ ጊዜ ያንኑ ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቁሞ ዘይት ካፈሰሰበት በኋላ ቤቴል፣ ማለት የእግዚአብሔር ቤት፣ ብሎ እንደ ሰየመው በዚያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህም ታሪክ ውስጥ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ጥቂት ነገር አለ፤ ይኸውም ጸሐፊው አዲሱን ስም ከነገረን በኋላ ብዕሩን ሳያነሣ የከተማይቱ የቀድሞ ስም ሎዛ እንደ ነበረ ጨምሮ መመዝገቡ ነው። ይህን ባያደርግ ኖሮ፣ ከአባቶቹ የሰማው ሎዛ የሚለውን ስም ብቻ የሆነ መንገደኛ በቤቴል በር ቆሞ ሳለ የሎዛን መንገድ በጠየቀ ነበር። ጸሐፊው ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ሊያኖር የቻለው ሁለቱንም ስላወቀ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተነሣና ቤቴልን ብቻ እየሰማ ያደገ ሰው ግን ሎዛን ከየት አምጥቶ ይጨምረዋል?

ይህን የኦሪት ታሪክ ዳግመኛ እንድመረምር ያደረገኝ፣ ባለፈው ክረምት በዚሁ በሰፈራችን ከመንገድ ዳር ካሉት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ ያየሁት ጉዳይ ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ የመዘምራን አሠልጣኝ፣ ከሃያ ዓመት በፊት በኮምፒውተር ያዘጋጁትን የመዝሙር ግጥምና ኖታ ከአሮጌ ሲዲ ወደ ፍላሽ አስገልብጠው መጥተው፣ እንዲታተምላቸው ለጸሐፊዋ ልጅ ሰጧት። ግጥሙ ሲከፈት በላቲን ፊደልና በልዩ ልዩ ምልክት ተዘበራርቆ ወጣ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አማርኛ አይደለም» ብትላቸው፣ «አማርኛ ነው ልጄ፤ እኔው ራሴ የጻፍሁት ነው» አሉ። ኖታው ደግሞ ጨርሶ አልከፈት አለ፤ ኮምፒውተሩ በየትኛው ፕሮግራም ልክፈተው እያለ ደጋግሞ ጠየቀ፤ የፋይሉን ዐይነት የሚያውቅ ፕሮግራም ግን በቤቱ አልነበረም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው ቆሙ። እኔም በልቤ፣ እኒህ ሰው ያገኛቸው ነገር የኮምፒውተር ዘመን የወለደው አዲስ መከራ አለመሆኑን፣ ሰው ዜማን በጽሕፈት ለማኖር ከሞከረበት ጊዜ አንሥቶ አብሮት ሲጓዝ የኖረ ጥንታዊ ፈተና መሆኑን ማሰላሰል ጀመርሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚያስተምረው፣ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት የነበረው ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ፣ ዜማን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ በሦስት ስልት ከፍሎ፣ ድጓንና ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደርሶ ለደቀ መዛሙርቱ አስረከበ። ቃሉ በብራና ላይ ይጻፍ እንጂ ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ እየተላለፈ ብዙ መቶ ዓመታት ኖረ፤ የዜማው ማኅደር የሰው ልብ ነበርና። ይህ ማኅደር ግን በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ጊዜ፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና መጻሕፍት ሲጠፉ፣ ሊቃውንቱም ሲያልቁና ሲሰደዱ፣ ሊመለስ በማይችል ጥፋት አፋፍ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ፣ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. በነገሠው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለድጓው ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ለምን በዚያ ዘመን ሆነ ቢሉ፣ ምክንያቱን መገመት የሚያስቸግር አይመስለኝም፤ ከጦርነቱ በፊት የተማሩት መምህራን ገና በሕይወት ነበሩ፣ ቍጥራቸው ግን ተመናምኖ ነበር። አንድ ትውልድ ቢያልፍ ኖሮ ምልክት የሚሠራ ብልህ ሰው አይታጣ ይሆናል፤ ምልክቱ የሚያመለክተውን ዜማ የሚያውቅ ግን ባልተገኘም ነበር።

የምልክቱ አሠራር ረቂቅ ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በድጓው ጽሕፈት መካከል፣ ከቃሉ በላይ፣ ሁለት ዐይነት ምልክት ይቀመጣል። አንደኛው ዐይነት በጭረትና በነጥብ የሚጻፈው ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቍርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት ብለው ስምንት አድርገው ይቈጥሩታል፤ በኋላም ድርስና አንብር ተጨምረው ዐሥር ሆነዋል። ከእነዚህም የብዙዎቹ ስም ራሱ ሥራቸውን ይናገራል፤ ይዘት ድምፅን ይዞ ማቆየትን፣ ቍርጥ ማቋረጥን፣ ርክርክ ድምፅን ማርገብገብን፣ ደረት ከደረት የሚወጣ ወፍራም ድምፅን ያስታውሳል። ሁለተኛው ዐይነት የፊደል ምልክት ነው፤ በዜማው ከታወቀ ከአንድ ሐረግ ላይ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ተወስዶ፣ ያው ዜማ ተመልሶ በሚመጣበት በሌላ ቃል ራስ ላይ በደቂቅ ፊደል ይጻፋል፤ ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የምልክት ወገን አላቸው። እንግዲህ ፊደሉን የሚያይ ተማሪ ድምፁን ከፊደሉ አያገኝም፤ ያንን ሐረግ ከመምህሩ ጋር ያዜመበትን ቀን አስታውሶ ከልቡ ያወጣዋል። ልቡ ባዶ ለሆነ ሰው ግን የተጻፈው ምልክት ሁሉ፣ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር መስኮት ላይ እንደ ተዘበራረቀው ግጥም፣ ፊደል ሆኖ ሳለ የማይነበብ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ሊቃውንቱ የተዉት ነገር ነው። ምልክቱን ሲሠሩ የድጓውን ቃል አልነኩም፣ የመሥመሩን ሥርዓት አልለወጡም፣ ምልክት የሌለውንም አሮጌ መጽሐፍ አልሻሩም፤ አዲሱን ነገር በአሮጌው መሥመር መካከል በቀረው ባዶ ስፍራ አሰፈሩት እንጂ። ስለዚህ ምልክት የማያውቅ ሰው አዲሱን ድጓ ቢይዝ ቃሉን ያነባል፤ ምልክት የሚያውቅም አሮጌውን ድጓ ቢያገኝ የጎደለውን በራሱ ይሞላዋል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ዛሬ አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ፋይል ቅርጽ መክፈት ይቻለው ዘንድ የሚደክሙበት ጉዳይ፣ በብራና ላይ በዚህ መልክ ተፈጽሞ ነበር። የትምህርቱም ሥርዓት እንደዚሁ ነው፤ ተማሪው ከንባብ ቤት ወጥቶ ዜማ ቤት ሲገባ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉንና ድጓውን በቃል እያጠና፣ የራሱንም ድጓ በእጁ እየገለበጠና ምልክቱን እያኖረ ይወጣል፤ በመጨረሻም በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ማስመስከር ማለት የያዝሁት ዜማ ከእኔ በፊት የነበረው ነው ብሎ በሚያውቁት ፊት መቆም ነውና፣ በዚህ ሥርዓት አሮጌውን ያላለፈ ሰው የአዲሱ መምህር መሆን አይቻለውም።

ይህ ፈተና በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም መነኮሳት ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በመዝሙራቸው ቃል ላይ የሚያኖሯቸው ምልክቶች፣ ድምፁ መውጣቱንና መውረዱን እንጂ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ የማይናገሩ ስለ ነበሩ፣ እንደ እኛው ምልክት አስቀድሞ ዜማውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ የሚጠቅሙ ነበሩ። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአሬዞው ጊዶ የተባለው ኢጣልያዊ መነኩሴ ምልክቶቹን በመሥመር ላይ አስቀምጦ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከጽሕፈቱ የሚያወጣ ተማሪ እንዲገኝ አደረገ። የእኛን ጉዳይ ይበልጥ የሚመስለው ግን በቍስጥንጥንያ የሆነው ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክት ከብዛቱና ከረቂቅነቱ የተነሣ ለተማሪዎች እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ፣ ክሪሳንቶስ፣ ግሪጎሪዮስና ኩርሙዚዮስ የተባሉ ሦስት መምህራን እ.ኤ.አ. በ1814 ሥርዓቱን አሻሽለው አዲስ አጻጻፍ አወጡ። አዲስ አጻጻፍ ማውጣቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቀደመው ዜማ ሁሉ ተቈልፎበት በቀረ ነበር፤ ኩርሙዚዮስ ግን አሮጌውንም አዲሱንም የሚያውቅ ስለ ነበረ፣ እጅግ ብዙ ጥራዞች የሚሞላውን የአባቶቹን ዜማ ወደ አዲሱ ምልክት ሲገለብጥ ዘመኑን ፈጀ። ዛሬ አሮጌውን የግሪክ ምልክት ለመረዳት የሚደክሙ ሊቃውንት የሚመሩበት ፋና የእርሱ ግልባጭ ነው።

በአምስት መሥመር የሚጻፈው ኖታ ወደ አገራችን የገባው በማኅሌቱ በኩል ሳይሆን በማርሽ ባንድ በኩል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩስያ ንጉሥ በስጦታ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች ከተነፉበት ጊዜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ ያገኟቸው፣ ከአርመናውያን እልቂት የተረፉት አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው የመንግሥት ባንድ ሆኑ። ዮፍታሔ ንጉሤ ቃሉን ለጻፈለት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን የደረሰውም ይኸው ኬቮርክ ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር የአገራችንን ዜማ በልዩ ልዩ መሣሪያ እያከፋፈለ በኖታ ሲጽፍ ኖሯል። በዚህ ጊዜ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በማሲንቆና በክራር እንደ ሙዚቀኛው ጆሮ ይቃኙ የነበሩት፣ ለፒያኖ በተቈረጠ ልክ መቀመጥ ግድ ሆነባቸው፤ ከአንድ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚሻገር ዜማ በመንገድ ላይ የሚያፈስሰው ነገር አይታጣምና። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት ያገለገሉት አሸናፊ ከበደ ሁለቱን የዜማ ዓለማት ለማገናኘት የደከሙ ሲሆን፣ የያሬዳዊውን ዜማ ምልክትም ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በአዲስ አበባ ከነበሩ ሊቃውንት አፍ እየሰሙ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በታተመ ባለ ሦስት ክፍል ሥራቸው በኖታ አሳይተውታል። ሥራው የተቻለው ምልክቱን አይቶ የሚያዜም መሪጌታ ከተመራማሪው ፊት ስለ ተቀመጠ ነው።

ኖታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተሻገረ ጊዜ ግን የፈተናው ጠባይ ተለወጠ። ፊናሌ የተባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1988፣ የሁለት እንግሊዛውያን መንታ ወንድማማች ሥራ የሆነው ሲቤሊየስ በ1993 ለገበያ ቀረቡ። ወረቀትን ዐይን ያለው ሁሉ ያነበዋል፤ በእነዚህ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ግን የሚነበበው በሠራው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙም በየጊዜው ሲታደስ፣ አዲሱ የአሮጌውን ፋይል ይከፍታል፤ አሮጌው ግን የአዲሱን ስለማይከፍት፣ በአንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ አንዱ አዲሱን ሲገዛ ሌላው አሮጌውን ይዞ ከቀረ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያነበው አይችልም ነበር። ፊናሌ እስከ 2012 እትሙ ‹ሙስ› የተባለውን የፋይል ዐይነት ሲጠቀም ኖሮ፣ በ2014 እትሙ ‹ሙስ ኤክስ› ወደ ተባለው የተሸጋገረው ይህን ችግር ለማቃለል ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን፣ በእኛ አቈጣጠር በነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ባለቤቱ ድርጅት ከ35 ዓመት ሥራ በኋላ ፕሮግራሙን ማሳደግ ማቆሙን አስታወቀ። ፕሮግራሙ በያዘው ሰው ኮምፒውተር ላይ በዚያ ቀን አልሞተም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ በታደሰ ቍጥር አብሮት የሚታደስ ስለማይሆን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋይሉ ሁሉ ከጦርነቱ በኋላ እንደ ቀሩት መምህራን በተቈጠረ ዕድሜ የሚኖር ሆነ።

ለዚህ ቀን አስቀድሞ ያሰበ ሰው አልታጣም። ማይክል ጉድ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ማንኛውም የኖታ ፕሮግራም ሊጽፈውና ሊያነበው የሚችል፣ ሰውም ቢሆን በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ገልጦ ቃሉን ሊያይ የሚችለውን ሚዩዚክ ኤክስ ኤም ኤል የተባለ የጋራ አጻጻፍ አዘጋጅቶ፣ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ፊናሌ ሲያበቃ ሠሪዎቹ ለተጠቃሚዎቻቸው የመከሩት፣ ፕሮግራሙ ገና እየተከፈተ ሳለ ኖታቸውን ሁሉ ወደዚህ አጻጻፍ እንዲገለብጡት ነበር። በግልባጩ የገጹ አቀማመጥና የእጅ ማስተካከያው በከፊል ይጠፋል፤ ድምፁ፣ ልኩና ቃሉ ግን ይሻገራል። ምክሩ ከኩርሙዚዮስና ከአዛዥ ጌራ ሥራ ጋር አንድ ነው፤ መሻገሪያው የሚሠራው በሁለቱም ዳር የሚቆም ሰው ሳለ ነውና።

የእኛ ፊደል ደግሞ በኮምፒውተር ላይ የራሱ የሆነ ስደት አሳልፏል። የኮምፒውተር መሥሪያ ቤቶች ለግዕዝ ፊደል ስፍራ ሳይሰጡት በቈዩበት ዘመን፣ የአገራችን ባለሙያዎች እንደ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ዋሸራ ያሉትን ፎንቶች ሲሠሩ፣ የላቲን ፊደል የተመደበበትን ቍጥር ይዘው በላዩ የግዕዝን መልክ አለበሱት። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር አማርኛ ይነበባል፤ ፎንቱ ከሌለ ግን ልብሱ ወልቆ የላቲኑ ፊደል ይወጣል፤ የአንዱን ፎንት ጽሑፍ ሌላው አያነበውም። የሽማግሌው ግጥም የተዘበራረቀው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ስፍራ ሰጠው፤ በ2005 የወጣው 4.1 ደግሞ ይዘትን፣ ደረትን፣ ርክርክን፣ አጭር ርክርክን፣ ድፋትን፣ ቅናትን፣ ጭረትን፣ ሂደትን፣ ደረት ሂደትንና ቍርጥን፣ ዐሥር የዜማ ምልክቶችን፣ በዓለም አቀፉ መዝገብ አሰፈረ። ምልክቶቹ ለብቻቸው የቆሙ ሆነው ስለ ተመዘገቡ በራሳቸው ከፊደሉ በላይ አይወጡም፤ እንደ ድጓው በመሥመር መካከል ለማስፈር የገጽ አዘጋጁ ጥበብ ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ አንድ ትልቅ ቃል ኪዳን አለ፤ አንድ ጊዜ የገባ ምልክት አይወጣም፣ ስፍራውም አይለወጥም፣ ስሙ እንኳ ቢሳሳት ስሕተቱ በሌላ ማስታወሻ ይገለጻል እንጂ ስሙ አይፋቅም። የሎዛን ስም ከቤቴል ጎን ያኖረው ጸሐፊ ይህን ሕግ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ከአዛዥ ጌራና ከራጉኤል እስከ ዩኒኮድ ያለውን ይህን ጕዞ ስመለከት፣ የጽሕፈት ዕድሜ በቀለሙ ጽናት ወይም በፋይሉ ዐይነት ብቻ የሚለካ አይመስለኝም። ከብራና ድጓና ከዛሬው ፋይል መካከል ብራናው ይጸናል፤ ግን ድጓውን ያኖረው ብራናው ቢሆን ኖሮ ቤተ ልሔም ባላስፈለገች ነበር። በየዘመኑ አንድ ትውልድ ይመጣል፣ አሮጌውን ያወቀና አዲሱን የሚማር፤ የዚያ ትውልድ ዕድሜ አጭር ነው፣ ሥራው ግን ከእርሱ በቀር ለማንም የማይተላለፍ ነው። የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺሕ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ባነሣ ጊዜ፣ ማይክሮፊልሙ ራሱ አርጅቶ በተራው ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ እንዳስፈለገው ሁሉ፣ ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃም አይደለም።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ልመለስ። ልጅቱ የቤቱን ባለቤት ከጓዳ ጠራቻቸው፤ እርሳቸውም በዚያ በአሮጌው ፎንት ብዙ ዓመት የጻፉ ሴት ነበሩና፣ የላቲኑን ዝብርቅርቅ አንድ ጊዜ አይተው ፎንቱን በስሙ ጠሩት። በማእዘን ከተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አውጥተው ሲጭኑት ግጥሙ በአንድ ጊዜ አማርኛ ሆነ፤ ልጅቱም ወዲያው ወደ ዩኒኮድ ትገለብጠው ጀመር። ኖታው ግን አልተከፈተም። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ አምስት አምስት መሥመር አስምረሽ ሃያ ገጽ አትሚልኝ፤ ዜማው ገና ከልቤ አልጠፋም» አሏት። ወረቀቱ ታትሞ ሲሰጣቸው፣ ከመውጣታቸው በፊት ከባንኮኒው ላይ እስክሪብቶ አነሡና፣ በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ራስ ላይ የማይከፈተውን የአሮጌ ፋይል ስም፣ ከነቍጥሩ፣ ቀስ ብለው ጻፉት።